ሦስት ጉልበት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አንድ ደቂቃ ስንት ደቂቃ ነው? ዛሬ ሻይ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ጠየቀኝ። አምስቱም በየራሳቸው አማርኛ፣ ነገሩ ግን ያው... «ሁለት ደቂቃ ቀረ ካሉን ግማሽ ሰዓት ሊሆነን ነው። ምን እየጠበቁ ነው?»

የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ከፍቼላቸው ነው። እሑድ የተጫወቱትን ሰኞ ጠዋት በፍላሽ አምጥቼ አክስቴ ቴሌቪዥን ላይ እሰካለሁ። የአክስቴ የሥራነሽ ሻይ ቤት መናኸሪያው በር ላይ ነው። መኪና እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው የከፈቱለትን ያያል፤ ምን ያድርግ?

አበረ ግን ወዶ ነው የሚያየው። ተራ አስከባሪ ነው። «ደጀን! ደጀን!» ሲል ይቆይና ድምፁ ሲደክም ገብቶ፣ ቆሞ፣ እየተሳደበ ያያል። ዛሬ ሰዓታቸው ተበላሽቷል አለ። ወደ ኋላ ነው የሚሄድ አለ። የእኛ ኳስ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ዘጠና ይወጣል፣ የእነሱ ከአሥራ አምስት ተነሥቶ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ እንዲህ ዓይነቱን አራት ጊዜ ይጫወታሉ ብዬ አስረዳሁ። የተወረወረ ኳስ መሬት ሲወድቅ ሰዓቱ ይቆማል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ኳስ የያዘው ሰው ከመስመር ሲወጣ ይቆማል። አሰልጣኙ ታይምአውት ሲል ይቆማል። የተሸነፈው ሊያቆመው ይፈልጋል፣ የሚመራው ሊያስኬደው። መጨረሻው ላይ የሚጫወቱት በሰዓቱ ነው አልኩት።

«እና ኳሷን ለምን ያመጧታል?» አለኝ።

ሻዩን ቀዳሁለት።

ትልቁን ነገር መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ባምላኩ መለሰልኝ! «አራተኛ ሩብ» የሚለው ገጽ ባለቤት። የሉማሜ ልጅ ነው፣ አሁን አዲስ አበባ። ይህን ጨዋታ በአማርኛ ሲተነትን የማውቀው እሱን ብቻ ነው። የላክሁለትን ጽሑፍ አንብቦታል። እስከ ገና በሙከራ እጽፍለታለሁ፣ ከገና በፊት አንድ ቋሚ ተንታኝ ይቀጥራል። አንድ ሰው ብቻ። የሚፈልገውም የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ነው። ሰው ትቶን የሚሄደው እዚያ ላይ ነው ይላል።

የመመረቂያ ጽሑፌ እኮ ነው! የክፍሉ ልጆች በሙሉ ስለ ጤፍና ስለ ወተት ሲሠሩ እኔ መሪ ቡድን ሰዓት መግደል የሚጀምረው መቼ ነው ብዬ ሠራሁ። አማካሪዬ ሳቁብኝ፣ ከዚያ ኤ ሰጡኝ። ከተመረቅሁ ዓመት ከአራት ወር። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ስቆም ጥበቃው በስሜ ነው ሰላም የሚለኝ። ይህ ግን የእኔ ነው። የእኔ የብቻዬ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጎረቤቴ ገዳሙ ዘንድ ሄጄ ተየብኩ። ኮምፒውተሩ የእሱ አይደለም፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ እሱ ተቀጥሮ ማመልከቻ ይጽፋል፣ መታወቂያ ያባዛል። ሰው ከሌለ ወንበሩን ይለቅልኛል። ዲያቆን ነው። ደብረ ወርቅ አካባቢ ተወልዶ ስድስት ዓመት ቅኔ የተማረ። ከዚያ ማርቆስ መጣና በማታ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ከዚህ ከተማ ስለ ጨዋታው የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። አበረ አይጠይቅም፣ ይከስሳል።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህ ይመዝገብ። አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ለመሄድ አራት ሙከራ እንዳላቸው፣ በሙከራና በሙከራ መካከል አርባ ሰከንድ እንደሚሰጣቸው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን በጨዋታው ግማሽ ሦስት ታይምአውት እንደሚፈቀድለት... ሁሉንም ከእኔ ነው የሰማው። ዛሬ የሚቀጥለውን ሰኞ ጽሑፍ ረቂቅ አነበበና አንድ ቃል ላይ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚመራው ቡድን ኳስ በእጁ ከሆነና ተጋጣሚው ታይምአውት ከጨረሰ፣ አከፋፋዩ፣ ኳሷ መጀመሪያ የምትደርሰው ተጫዋች፣ ይቀበላትና አንድ ጉልበቱን መሬት ያስነካል። በቃ። ያ ሙከራ ሞተ፣ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። አርባ ሰከንዱን አሟጦ ሁለተኛ ያስነካል። ከዚያ ሦስተኛ። ሁለት ደቂቃ አለቀ፤ ሌላው ቡድን ቆሞ እያየ ተሸነፈ። እኔ «ተንበረከኩ» ብዬ ጻፍኩት።

«ቃሉ አይከብድም?» አለኝ ገዳሙ።

ትክክለኛ ትርጉሙ ነው አልኩት። አተመልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ወጣ! ስሜ ከሥሩ ተጽፎ። ይመኙሻል አንሙት፣ ከደብረ ማርቆስ። አክስቴ ጾም ገባ ብላ የወተቱን ማሰሮ እያጠበች ነበር፣ እጇን ሳታደርቅ ስልኩን ተቀብላ ስሜን ብቻ ሁለት ጊዜ አነበበች። ሌላው አልገባኝም አለች። ስምሽ ግን ያምራል አለች።

መጨረሻውን ወድጄዋለሁ፦ «ሰማያዊዎቹ ሦስት ጊዜ ተንበረከኩ፤ ጨዋታውም በዚሁ አበቃ።» አጭር። ምንም ትርፍ ቃል የለበትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት። ከግማሽ በላዩ የሚለው አንድ ነው... «ታዲያ ማን አሸነፈ?»

አበረ መናኸሪያው መሀል ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «ሰማሽ አንች ልጅ፣ ሲመሩ ቆይተው ለምን ተንበረከኩ? ማን አስገደዳቸው?» አልተገደዱም፣ እያሸነፉ ነው አልኩት። «እያሸነፈ የሚንበረከክ እኔ አላየሁም። ተንበረከከ ካልሽ እጅ ሰጠ ነው» አለ። ሾፌሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም! ዕድሜዬን በዚህ ቋንቋ ስናገር ኖሬ... እንዴት አልታየኝም? ሰዓቱን አየሁ፣ ጉልበቱን አየሁ፣ ቃሉን አላየሁትም።

ከአስተያየቶቹ መካከል አንዱ ከሌላው ሁሉ በላይ ወጥቷል። ሰው በልብ ሞልቶታል።

«ወንድሞቼ፣ እጅ አልሰጡም። ሰማያዊዎቹ ያሸነፉት በጉልበት ነው።»

በጉልበት። አንዷ ቃል ሁለት ሆና... ኃይሉም አለ፣ መሬት የነካው ጉልበትም አለ። ሰው ገባው። በአንድ መስመር። እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ያልገባውን።

ስሙን ሳላየው አወቅሁት። ገዳሙ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ አገኘኝ። የተቆጣሁ መስሎት ፈርቷል። ሰዎቹ ሲሰድቡሽ ዝም ማለት ከበደኝ ነው ያለው። ደግ ነገር ነው። አመሰገንኩት። ወደ ቤት እየሄድኩ እንዳመሰገንኩት ትዝ ሲለኝ ጥርሴን ነከስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ባምላኩ ደወለ። ስለ ጽሑፉ ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልወቀሰኝም። ከዚያ የባሰ። «ያ በጉልበት ያለው ልጅ ማን ነው?» አለኝ።

አላውቀውም ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ... ጎረቤቴ ነው አልኩ። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ሁለተኛውን የሰማኝ አይመስለኝም። ስልክ ቁጥሩን ላኪልኝ አለ፣ ላክሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ገዳሙም በሙከራ ገብቷል። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው። እስከ ገና።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ዛሬ አንድ የሉማሜ ሾፌር የሌላውን መኪና መንገድ ዘግቶ አልለቅም ሲል አበረ ምን አለ? «ታይምአውት የለህም፣ ጉልበት አድርግና ተቀመጥ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉ መናኸሪያ ገባ። ከመናኸሪያ የገባ ቃል አይወጣም።

ጉልበት የሚለውን ቃል እኔም አውቀው ነበር። እሱ ከመወለዱ በፊት ሁሉም ያውቀው ነበር። ታዲያ ለምን ወደ እሱ መጣ? እኔ ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ተቀምጬ... ስድስት ዓመት አንድን ቃል ሲገለብጡ የኖሩ ሰዎች ምን ያገኛሉ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከእሱ ፊት አይደለም። በልቤ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ቤተ ክርስቲያን አየሁት። መቅደስ ውስጥ ሲያገለግል እንኳ ምን ዓይነት ቃል እያሰበ ይሆን ብዬ... ይቅር በለኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሁለታችንም ጽሑፍ አወጣን። የእኔ ስለ ታይምአውት ነው። የተሸነፈው ቡድን ሦስቱን በችኮላ ከጨረሰ መጨረሻ ላይ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀር፣ እያንዳንዱ ታይምአውት አርባ ሰከንድ እንደሚያተርፍ በሠንጠረዥ አሳየሁ። አንድም ስሕተት የለበትም። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ። ባምላኩ «ጥሩ ነው፣ ትክክል ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ነጥብ።

የገዳሙስ? «ታይምአውት የድኻ እርሾ ነው፤ ዛሬ ጨርሶ የጋገረ ነገ ይለምናል።» አንድ ሠንጠረዥ የለም። ሳነብላት አክስቴ ሳታስጨርሰኝ፣ «ይሄ ነው ማስረዳት! ሁለት ቀን ሙሉ ስትነግሪኝ ያልገባኝ» አለች። አክስቴ! የገዛ አክስቴ! ከዚያ ዲያቆን ጾሙን ሳይበላ ውሎ ይሆናል ብላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ ላከችለት። በማን እጅ? በእኔ።

ሳህኑን ሳቀብለው የአርባ ሰከንዷን ስሌት እንደገና እንዳሳየው ለመነኝ። ከቁጥር ጋር አልስማማም፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ አለ። አሳየሁት። ግን በፍጥነት። ግልጽ እንዳይሆን አድርጌ ነው? እንጃ... ብቻ በፍጥነት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ባምላኩ የመጨረሻውን ፈተና ነገረን። ሰኞ አንድ ቪዲዮ ይልካል። ጨዋታው ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ይቆማል። የሚመራው ቡድን ምን ማድረግ አለበት? መጨረሻውን ሳናይ እንጽፋለን። ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያወጣል፣ በማግስቱ መጨረሻውን ያሳያል።

ይህ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ቃል አያድንም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ዛሬ ደህና በላሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

የዛሬውን በዝርዝር ልጻፈው።

ቪዲዮው ጠዋት ደረሰ። ነጮቹ በአራት ነጥብ ይመራሉ፣ ኳስ በእጃቸው፣ የመጀመሪያ ሙከራ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ ቀርቷል። ቀዮቹ ስንት ታይምአውት አላቸው? ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ነው። ከስማቸው ሥር የቀራቸውን ታይምአውት የሚያሳዩ ትናንሽ ብርሃኖች አሉ፣ ጤፍ የሚያህሉ። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ቆጠርኩ። ሁለት በርተዋል።

ሁለት ካላቸው ጉልበት አይሠራም። አንዱን ጉልበት ሲያደርጉ ቀዮቹ ሰዓቱን ያቆማሉ፣ ሁለተኛውን ሲያደርጉ ያቆማሉ፣ ከሦስተኛው በኋላ ብቻ ነው አርባው ሰከንድ የሚሄደው። በአራተኛው ኳሷን ረግጠው ሲሰጧቸው ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቀራል። ስለዚህ ነጮቹ አዲስ አራት ሙከራ ለማግኘት አሥር ያርድ የግድ መሄድ አለባቸው። ይህን ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ልተይብ ሄድኩ። ገዳሙ ጨርሶ ነበር። ወንበሩን እየለቀቀልኝ የእሱን አነበበልኝ። ያምራል። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ ያምራል። መጨረሻው፦ «ሦስት ጉልበት፤ ከዚያ ሻንጣ።» ሸክፎ ወደ ቤት ማለቱ ነው።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቀዮቹ ታይምአውታቸውን ጨርሰዋል አይደል? ስክሪኑ ደብዝዞብኛል» አለኝ።

የኮምፒውተሩ ስክሪን አሮጌ ነው። ብርሃኖቹ እዚያ ላይ አይታዩም። የእኔ ስልክ እጄ ላይ ነበር።

«አንተ አይተኸው የለ?» አልኩት።

ይህን ነው ያልኩት። ውሸት አይደለም። ጥያቄ ነው። ጥያቄ ይዋሻል እንዴ?... ራሱን ነቀነቀና ላከው። ላክ የሚለውን ሲጫን ከጀርባው ቆሜ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጎን ለጎን ወጡ። ሰው ሁሉ የእሱን እየተቀባበለ ነው። «ሦስት ጉልበት፤ ከዚያ ሻንጣ።» የእኔን አንድ ሰው ብቻ ረጅም ነው ብሎታል።

ነገን መጠበቅ አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ነጮቹ ጉልበት አላደረጉም፣ ሊሮጡ ሞከሩ፤ አልሄደላቸውም። ቀዮቹ አንድ ታይምአውት፣ ሁለት ታይምአውት። ነጮቹ ኳሷን ረግጠው ሲለቁ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ቀዮቹ በሃምሳ ሁለቱ ሜዳውን በሙሉ ተሻግረው አገቡ። አሸነፉ።

አስተያየቱ እንደ በረዶ ወረደበት። «ዲያቆን፣ ሻንጣው የማን ነው?» «ወደ ቅኔህ ተመለስ።» «ጉልበት ያለ ጭንቅላት።» ከሁለት መቶ በላይ ቆጠርኩ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

አበረ ሻይ ቤት ገብቶ ልጅቱ ልክ ናት፣ ዲያቆኑ ሳተ ብሎ አወጀ። ሾፌሮቹ አዩኝ። ስጠብቀው የነበረ ነገር እኮ ነው። ቀና ብዬ መቆም ነበረብኝ። ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ አጠብኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ገዳሙ መጣ። አልተቀመጠም። ቀስ ብሎ፣ «ሁለቱ መብራት እንዳሉ አንቺ አይተሽ ነበር?» አለኝ።

በደንብ አላየሁም አልኩት።

የእኔ ጽሑፍ እኮ ቁልጭ አድርጎ ሁለት ታይምአውት ይላል። ከእሱ ጽሑፍ ጎን ነው የወጣው። አንብቦታል። አንብቦ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን በደንብ አላየሁም አልኩት፣ እሱም እሽ አለ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ምንም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ባምላኩ ደወለ። እየሳቀ። ከገጹ መጀመሪያ ጀምሮ እንደ ገዳሙ ስሕተት የተነበበ ነገር የለም! ሰው ሊሰድበው ይመጣል፣ አንብቦ ይቀራል። «ሻንጣው የማን ነው» የሚል ቀልድ አዲስ አበባ ድረስ ሄዷል። ስለዚህ ሊቀጥረው የፈለገው... እሱን ነበር።

የእኔ ልክ መሆን ከእሱ መሳሳት አነሰ። ስልኩን ይዤ ቆሜ ይህን ብቻ ነው ያሰብኩት። ሲሳሳት እንኳ ይወዱታል።

ከዚያ ባምላኩ ቀጠለ። ቅዳሜ ደውሎለት ገዳሙ እንቢ ብሏል። ያለውንም እንዳለ ነገረኝ፦ «የማላውቀውን አላስተምርም። የምታውቀው ይመኙሻል ናት።»

«ስለዚህ አንቺ ነሽ። እንኳን ደስ አለሽ» አለ ባምላኩ።

አመሰገንኩ መሰለኝ። ዓመት ከአምስት ወር የጠበቅሁት ነገር መጣ። የመጣው ግን እሱ ጠቁሞኝ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በምን ልጥላው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

አክስቴ ለገና የሚታረደው በግ ላይ ስሜን ጨምራ «የይመኙ ሥራ» አለችው። ዲያቆንን ጥሪው አለች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘግቷል። ደብረ ወርቅ ወደ የኔታ ሄዷል፣ ከጥምቀት በፊት አይመለስም አለኝ አበረ። በሚኒባስ ያሳፈረው እሱ ነው። ምን አለ? አልኩት። መስኮት ዳር አስቀመጥኩት አለኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

የመጀመሪያው የቋሚነት ጽሑፌ ወጣ። ትክክል ነው። አሥራ አራት አስተያየት። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ «ዲያቆኑ የት ሄደ?»

ከወር በፊት ይህ ያንገበግበኝ ነበር። አሁንም ያንገበግበኛል፣ አልዋሽም። ግን ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ለእኔም የጠፋው እሱ ነው። ሠንጠረዡን ስጨርስ ቀና ብዬ የማነብለት ሰው ፈለግሁ፤ አበረ ብቻ ነበር። አበረ ደግሞ ሠንጠረዥ ሲያይ ታርጋ ይመስለዋል።

ሰኞ፣ ጥር 4

ዛሬ ጠዋት ለባምላኩ ደውዬ ነገርኩት። ስለ ሁለቱ ብርሃን፣ ስለ ጠየቀኝ፣ ስለ መለስኩለት። ሥራውን ሊወስድብኝ ይችላል ብዬ ነው የደወልኩት። ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገሪው አለ። የዚህን ሳምንት ጽሑፍ ሁለት ሰው ቢጽፈው ግድ አለህ ወይ አልኩት። አንብቦ የሚገባው ሰው ካለ አሥርም ጻፉት፣ እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ አለና ዘጋው።

አሁን ለገዳሙ የጻፍኩት ይህ ነው። ልኬዋለሁ። እዚህም ልገልብጠው፣ በኋላ እንዲህ አላልኩም እንዳልል።

«ገዳሙ፣ እንደምን አለህ? የኔታስ ደህና ናቸው?

ታኅሣሥ 13 ስትጠይቀኝ ሁለቱ መብራቶች በርተው ነበር። አይቻቸው ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እንድትሳሳት ፈልጌ ዝም አልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ስትጠይቀኝም ዋሸሁህ። አንተም ማወቅህን አውቃለሁ። የቀናሁት በጉልበት ከምትለው ቃልህ ጀምሮ ነው። አሁን ለባምላኩም ነግሬዋለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ነው፣ ግን ለዚያ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ሻይ ቤት የታየውን ልንገርህ። አረንጓዴዎቹ በሁለት ነጥብ ይመራሉ። አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ቀርቷል። ተጋጣሚው ታይምአውት ጨርሷል፤ ይህን ስልኬን አስጠግቼ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንዱ ሯጭ ኳሷን ይዞ አመለጠ። ከፊቱ ሰው የለም። አበረ እንኳ ተነሥቶ ጮኸ። ሰውየው ከመስመሩ አንድ ያርድ ሲቀረው... ቁጭ አለ። በገዛ ፈቃዱ። አበረ ጉቦ በልቷል ብሎ ማለ፣ ሾፌሮቹም አመኑት።

ቢያገባ በዘጠኝ ይመሩ ነበር፣ ኳሷ ግን ለተጋጣሚው ትሄድ ነበር፤ ከዚያ ማን ያውቃል። ቁጭ ስላለ ኳሷ በእጃቸው ቀረች። ከዚያ ያንተው ሦስት ጉልበት። አለቀ። ስሙ ከአግቢዎቹ ዝርዝር የለም።

ሦስት ገጽ ቁጥር ጻፍኩለት። ስም ግን አጣሁለት። ወደቀ ብል ተደናቅፎ ይመስላል። ተወው ብል ሰንፎ ይመስላል። እምቢ አለ ብል አስቀየሙት ይመስላል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ፍለጋ መናኸሪያውን ስዞር ዋልኩ።

ቁጥሩን እኔ እይዛለሁ፣ ቃሉን አንተ። የሁለታችን ስም ከሥሩ ይወጣል፣ የአንተ ይቅደም። አልፈልግም ካልክም ቃሏን ብቻ ላክልኝ፣ ያንተ እንደሆነች እጽፋለሁ። እስከ ረቡዕ ጊዜ አለን።

ለማግባት አንድ ያርድ ቀርቶት ቁጭ ያለን ሰው በአማርኛ ምን እንበለው? መልስልኝ።»